የቢትሲን የዋና ልብስ የምትሰፋው ሴት

ያን ዕለት ጠዋት ጉሙ ባሕሩ ላይ ተኝቶ አልነሳም አለ። ከአውራ ጎዳናው ዳር ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ማሊቡ የሚባል የባሕር ዳርቻ ጨርሶ የጠፋ ይመስል ነበር፤ የሚታየው ነጭ ብቻ፣ የሚሰማው የማዕበሉ ድምፅ ብቻ። ነፋስ የለም፤ እርጥበቱ ግን ልብስ አልፎ አጥንት ድረስ ይገባል። የካሜራ ሠራተኞቹ የወረቀት ኩባያ ታቅፈው፣ ዶናት እየገመጡ፣ ፀሐይዋን እንደ ዘገየ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ሴፕቴምበር፣ ማክሰኞ ቀን ነበር።

ቬልዳ ስተርጂስ የልብስ መኪናው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ሥር ቨርን ኦልሰን የሚባል፣ ትከሻው በር የሚያክል ጎረምሳ ብርቱካናማ የሴት የዋና ልብስ ለብሶ ወለሉ ላይ ተጎልቷል። ቬልዳ የዋና ቆብ ላይ የሰፋችውን ወርቃማ ዊግ ጭንቅላቱ ላይ እያጠበቀችለት ነው።

«ማዘር፣ መርፌው ነካኝ!»

«አልነካህም። ከተንቀሳቀስክ ግን ይነካሃል።»

«ጓደኞቼ እንዲህ ሆኜ ካዩኝ እኮ አለቀልኝ።»

«ጉሙ እስኪነሳ ማንም አያይህም» አለች ቬልዳ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ከዚያ በኋላ አገር ሁሉ ነው የሚያይህ። ሐሙስ ማታ፣ በቴሌቪዥን።»

ድራማው «ቢትሲ ባሕር ዳር» ይባላል። ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ አስቂኝ ነገር ነው፤ ቢትሲ የምትባል ቀልጣፋ ኮረዳ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች፣ በየሳምንቱ አንድ ጣጣ ውስጥ ትገባለች፣ ከጣጣው ስትወጣ ደግሞ የማዕበል መጋለቢያ ሳንቃዋን ይዛ ባሕር ትገባና ማዕበል ትጋልባለች። ቢትሲን የምትሠራው ሮስሊን ሄል ከኦሃዮ የመጣች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ፈገግ ስትል ክፍሉ የሚበራ፣ ውሃ ቁርጭምጭሚቷን ሲነካት ግን የምትጮህ ልጅ ነበረች። ፊቷ ሲቀረጽ ስቱዲዮ ውስጥ ሳጥን ላይ በተቸነከረ ሳንቃ ላይ ቆማ፣ ሁለት ሰዎች ከጎን በባልዲ ውሃ እየደፉባት ነው። እውነተኛውን ማዕበል የሚጋልብ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ቢሮ ያሉት ሰዎች «ሴት ጋላቢ ከየት ይመጣል?» አሉ፤ ሳይፈልጉ ማለታቸው ነው። ቨርንን ቀጠሩ፣ ዊጉን ለቬልዳ ሰጧት።

ቬልዳ ይህን ዓይነት ነገር ሲሰጣት ለምን ብላ የምትጠይቅ ሴት አልነበረችም። ከኦክላሆማ ስትመጣ የድርቁ ዘመን አቧራ እርሻቸውን በልቶት፣ ፍራሽ በተጫነበት መኪና አናት ላይ ተቀምጣ ነው ካሊፎርኒያ የገባችው። ሰባተኛ ክፍል ሳለች አባቷ ለአንድ የጥጥ ለቀማ ብቻ ብሎ ከትምህርት ቤት አወጣት። ከጥጡ በኋላ ወይን መጣ፣ ከወይኑ በኋላ ብርቱካን መጣ፤ ተመልሳ አልገባችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፓራሹት ሰፋች። ጦርነቱ ሲያልቅ የዋና ልብስ ፋብሪካ ገባች፣ ከዚያ ስቱዲዮ። ባሏ ፍሎይድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ጊዜ ጭነት ይዞ ወደ ሲያትል ሄደ፤ ጭነቱ ደረሰ፣ እሱ ግን አልተመለሰም። ለዚህም ብዙ አላለቀሰችም። ያለቻት አንድ ልጅ ናት፤ ኖሪን። ከሕይወት የምትፈልገውም አንድ ነገር ነበር፤ ኖሪን ሁለተኛ ደረጃን እንድትጨርስ። በሁለቱም ወገን ቤተሰብ ያን ደጅ ጨርሶ የወጣ አንድ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ነገር አፏን ሞልታ አትናገርም፤ ግን ጠዋት የምትነሳው ለእሱ ነው።

ረፋዱ ላይ ጉሙ ተገፈፈ፤ ባሕሩም ወጣ። ቀረጻው መጀመሪያ የታሰበው ሌላ ዳርቻ ላይ ነበር፤ እዚያ ማዕበሉ ስለሞተ ጎህ ሲቀድ ነው ወደ ማሊቡ የዞሩት። ማሊቡ ደግሞ ማዕበል ካለ ሰው አይጠፋም። ውሃው ላይ ከደርዘን በላይ ጋላቢዎች ሳንቃቸው ላይ ተቀምጠው ይታያሉ።

የዳይሬክተሩ ረዳት ድምፅ ማጉያውን አንስቶ፣ «እባካችሁ! ለቀረጻ ነው! ውሃውን ልቀቁልን!» አለ።

ከውሃው ላይ አንዱ መለሰለት፤ «ባሕሩን የገዛችሁበትን ደረሰኝ አሳዩን!»

ሳቁ ማዕበሉን አልፎ ዳር ድረስ ተሰማ። ዳይሬክተሩ ሚስተር ሃስከል ፊቱ ቀላ፤ «ቨርንን አስገቡት፤ ካሜራው እሱን ብቻ ይያዝ» አለ።

እዚህ ላይ ከቬልዳ የመጣ ስህተት ነበር። የቨርን እግር ፀጉር እንደ ድብ ነው፤ ካሜራው እንዳያሳብቅበት ብላ ወፍራም የናይለን ስቶኪንግ አልብሳዋለች። ለዓይን ጥሩ ሆኗል። ሳንቃው የሚቀባው ሰም ግን ባዶ እግር እንዲይዝ ነው እንጂ ናይለን እንዲይዝ አይደለም። ቨርን ማዕበሉን ይዞ ሊቆም ሲነሳ ሁለት እግሩ ሳሙና እንደረገጠ ሰው ወደ ሁለት አቅጣጫ ሄደ። ወደቀ። ሲወጣ ስቶኪንጉ ውሃ ሞልቶ ጉልበቱ ሥር እንደ ሁለት ከረጢት ተንጠልጥሏል፣ ዊጉ ግን የለም። ዊጉ ለብቻው ትንሿን ማዕበል ይዞ በሰላም ዳር ደረሰ።

አንስተው የያዙት ጋላቢዎቹ ናቸው። ከአፍታ በኋላ ዊጉ አሸዋው ላይ በተተከለ እንጨት ጫፍ ተሰቅሎ ታየ፤ ደረታቸው የተራቆተ ጎረምሶች ሁሉ ተሰልፈው ሰላምታ ሰጡት።

«ቬልዳ» አለ ሃስከል ዓይኑን ሸፍኖ፣ «ሂጂና አምጪልኝ።»

ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ወረደች። አለቃቸውን ማግኘት አይከብድም። ሠላሳ የሚጠጋው፣ ቀጭን፣ አሮጌ የሬሳ መኪና ገዝቶ ውስጡ የሚያድር ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ባሕሩ እየጮኸ ስለሚሰብክ ፓስተሩ ይሉታል፤ ሌላ ስም እንዳለው የሚያነሳ የለም።

«ማዘር» አላት ከሩቅ፣ «ለቀብሩ መጣሽ?»

«ንብረቴን ልወስድ ነው የመጣሁት። አውርድልኝ።»

«ስፌቱ ጥሩ ነው። የተሸከመው ጭንቅላት ነው ያልረባው።»

ቨርን ትንሽ ራቅ ብሎ ፎጣ ተከናንቦ ተቀምጧል። «ሰማሁህ እኮ» አለ።

«እንድትሰማ ነው የተናገርኩት፣ እህቴ» አለው ፓስተሩ፤ ሁሉም ሳቁ።

ቬልዳ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመች። ቸኩላ አታውቅም። «ምን አለበት ውሃውን ብትለቁላቸው?» አለች ከዚያ። «አንዴ ቀርጸው ይሄዳሉ። እናንተም ታርፋላችሁ፣ እኔም ቤቴ እገባለሁ።»

ፓስተሩ ፊቱ ተለወጠ። አሸዋው ላይ ቁጢጥ አለ።

«ስሚ ማዘር። ከመካከላችን ኬርን የሚባለው ልጅ ለጦር ሠራዊት ሲጠራ፣ ሊሄድ በነበረበት ጠዋት ሁላችንም ከውሃው ወጣን። እዚህ አሸዋ ላይ ተቀመጥን። አንድ ማዕበል ለብቻው ሰጠነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማንም ሳይነካበት። ከሱ በፊት ለሄዱትም እንዲሁ አድርገናል። እዚህ ውሃ የሚለቀቀው እንደዚያ ነው። በድምፅ ማጉያ ተጠይቆ አይሰጥም። ለዊግማ ጭራሽ።»

ነገሩ ለቬልዳ ትክክል መስሎ ታያት። «እነሱ እኮ ሴት ልጅ ነው የሚፈልጉት» አለች ለነገሩ ያህል። «ማዕበል የምትጋልብ ሴት ከየት ያምጡ?»

ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ከየት?» አለ አንዱ። «ከዚያ ናዋ» አለና በአገጩ ወደ ውሃው ጠቆማት።

ከማዕበሉ ጀርባ አንዲት ልጅ ብቅ አለች። ቬልዳ መጀመሪያ ያወቀችው የዋና ልብሱን ነው። ብርቱካናማ፣ ዳሌው ላይ ነጭ ጥለት ያለው፣ ከቢትሲ ልብስ በተረፈ ጨርቅ የተቆረጠ፣ ሲረጥብ እንዳይወርድ ወገቡ ላይ ድርብ ስፌት የተሰፋ። በገዛ እጇ ያን ስፌት ስትሰፋ ልጅቷ «ለገንዳ ዋና ነው እማ» ብላት ነበር። ከልብሱ በኋላ እግሮቹን አወቀች፤ ከእግሮቹ በኋላ ፊቱን።

ኖሪን ሳንቃው ላይ ቆማ መጣች። ማዕበሉ ከበስተኋላዋ እየተናደ እሷ ወደ ፊት ተራመደች፤ አንዱን እግር በሌላው ፊት እያደረገች፣ ከምድጃ ወደ ጠረጴዛ እንደሚሄድ ሰው ያለ ጭንቀት፣ ሳንቃው አፍንጫ ላይ ደርሳ ጣቶቿን ከጫፉ አሳልፋ ቆመች። እጆቿ ዝቅ ብለዋል። አልተንቀሳቀሰችም። ቬልዳ ስለ ማዕበል የምታውቀው ነገር የለም፤ ጥሩ የተሠራ ነገር ስታይ ግን ታውቃለች። ደረቷ ውስጥ ሁለት ነገር በአንዴ ተነሳ፤ ቁጣው ቀድሞ ወጣ።

«ይህቺ ልጅ ሁልጊዜ ትመጣለች?»

«ከትምህርት ቤት በፊት ትመጣለች» አለ ፓስተሩ። «አንዳንዴ ደግሞ በትምህርት ቤት ፈንታ። ምነው?»

«እናቷ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ፓስተሩ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ዊጉን ከእንጨቱ አወረደ፣ አሸዋውን አራገፈና በሁለት እጁ አቀበላት።

ኖሪን ሳንቃዋን በብብቷ ይዛ ስትወጣ እናቷ ውሃው ጠርዝ ላይ ቆማ አገኘቻት። ልጅቷ ክው አለች።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለች ቬልዳ።

«እማ፣ ቆይ ላስረዳሽ—»

«ቀኑን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ በዚህ ሰዓት ምን ትምህርት አለሽ?»

«ጂኦሜትሪ።»

«ጂኦሜትሪ ማለት ይሄ ነው?»

«እውነቱን ለመናገር ማዘር» አለ ፓስተሩ ከኋላ፣ «የሆነ ማዕዘን ነገር አለው—»

«አንተ ዝም በል።»

ኖሪን ሳንቃውን አሸዋው ላይ ጣለችው። «አልወደውም!» አለች። «አይገባኝም፣ አስተማሪውም ስሜን አያውቀውም። እዚህ ግን ሁሉም ያውቁኛል። ላቋርጥ ነው እማ። ልነግርሽ ነበር። አንቺስ ከሰባተኛ አይደል ያቋረጥሽው? ምን ጎደለብሽ?»

ቬልዳ ዊጉን እየጨመቀች ውሃውን አንጠባጠበችው።

«ምን እንደጎደለብኝ አላውቅም» አለች። «የጎደለብኝ እሱ ነው።»

ያን ጊዜ ሚስተር ሃስከል በሚያብረቀርቅ ጫማው አሸዋውን እየበተነ ሲሮጥ ደረሰ። ትንፋሹ ተቆርጧል።

«ማናት? ይህቺ ልጅ ማናት? ልብሱ ራሱ አንድ ነው! ፀጉሯ ራሱ—»

«ልጄ ናት» አለች ቬልዳ።

«ቬልዳ! እስከ ዛሬ የት ደብቀሻት ነው?»

«ክፍል ውስጥ መስላኝ ነበር።»

«ዕድሜሽ ስንት ነው የኔ ቆንጆ?»

«አሥራ ስምንት» አለች ኖሪን ቶሎ ብላ።

«አሥራ ስድስት» አለች ቬልዳ። «ስትወለድ እዚያው ነበርኩ።»

ሃስከል ቬልዳን ክንዷን ይዞ ወደ ጎን ወሰዳት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቀረጻ ላይ ሲሠራ ሕጉ አስተማሪ ይቀመጥለት፣ በየቀኑ ይማር፣ የሥራ ሰዓቱም አይለፍ ይላል። የአዋቂ ወንድ ጭንቅላት ላይ ዊግ ሲሰፋ የከረመውም አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ቨርን ጂኦሜትሪ አያስፈልገውም።

«ሮስሊን ብቻዋን ቀኔን ግማሹን ትወስድብኛለች» አላት ሃስከል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለተኛ ልጅ እንዴት ልጨምር? አሥራ ስምንት ናት እንበል። ማን ይጠይቃል? ራሷም ትፈልጋለች። ትምህርቱን አንድ ዓመት ትተወው፤ ትምህርት ቤቱ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

«ትምህርት ቤቱማ አይሄድም፤ የሚሄዱት ልጆቹ ናቸው። እኔም ለአንድ የጥጥ ለቀማ ተብዬ ነው የወጣሁት።»

«ቬልዳ፣ ዕድል ነው የምልሽ!»

«የሮስሊን አስተማሪ ሚስ ታልቦት ካስተማረቻት፣ ሰዓቷም ከተጠበቀ ትጋልባለች። አለዚያ ዊጉ ይኸው። አደርቀዋለሁ።»

ሃስከል ተቆጣ። «ልብስ ሰፊ ሌላም አለ» አላት።

«አሉ» አለች ቬልዳ። «ጎበዝ ጎበዝ አሉ። ስልካቸውን ልስጥዎት?»

ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ቤት ኪራዩም ምግቡም ግን ከዚህ ሰው እጅ ነው የሚመጣው። ሃስከል ትቷት ሄደ። ኖሪን ሁሉንም ሰምታለች። «አበላሸሽብኝ» አለቻትና ሄዳ ፎጣዋ ላይ ፊቷን ደፍታ ተኛች።

ከሰዓት በኋላ ቨርንን ደግመው አለበሱት። ስቶኪንጉ ቀርቷል። እግሩን ይላጭ ሲሉት «ሞቼ ነው ቆሜ!» አለ፤ በመጨረሻ ቬልዳ ዱቄትና ቅባት ቀላቅላ ለቀለቀችው። ዊጉን ከቆቡ ጋር አገጩ ሥር በማሰሪያ አሰረችው። ማንም ሊነቅፈው የማይችል ሥራ ሠራች፤ የተጣላችውን ሰው ሥራ አጉድላ አታውቅም።

ቨርን ገባ። ካሜራው ዞረ። የመጀመሪያው ማዕበል ሲነሳ ግን ከጎኑ አንድ ጋላቢ ብቅ አለ፤ ጭንቅላቱ ላይ እስከ ወገቡ የሚወርድ ቡናማ የባሕር ሣር ደፍቷል፤ በግራ እጁ ሣሩን ከግንባሩ ገለል እያደረገ እንደ ኮረዳ ፈገግ ይላል። «ቁረጡ!» አለ ሃስከል። በሁለተኛው ማዕበል ሁለት መጡ፣ ሁለቱም ባለ ሣር ፀጉር። በሦስተኛው ፓስተሩ ራሱ፣ የወለል መወልወያ ራስ አናቱ ላይ አስሮ፣ ለካሜራው በእጁ መሳም እየወረወረ አለፈ። ቨርን እስከዚያ ድረስ ችሎ ነበር። ፓስተሩን ሲያይ ግን ሳቁ አመለጠው፣ ሳንቃው ላይ እንደ ቆመ ማሰሪያውን ፈታ፣ ዊጉን አወለቀና ወደ ሰማይ ወረወረው። ውሃው ላይ ያለው ሁሉ ጮኸ። የካሜራ ሠራተኞቹም ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሃስከል የበረዶ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ብርሃኑ እየሄደ ነው። ያን ጊዜ ከመማሪያው ተጎታች መኪና ሚስ ታልቦት ወጣች፤ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ጡረታዋ የደረሰ የሮስሊን አስተማሪ። ጫጫታው ትምህርቷን ስላቋረጠባት ነው የወጣችው። ነገሩን ስትሰማ፣

«ለእኔ አንድም አሥርም ልጅ ያው ነው፣ ሚስተር ሃስከል» አለችው። «ወንበር አለኝ። የሌለኝ ጸጥታ ነው።»

«እሺ» አለ ሃስከል በመጨረሻ። «እሺ፣ ትማር! ሁላችሁም ተማሩ!»

ቬልዳ ወደ ልጇ ሄዳ ፎጣው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ማዕበሉንም ትምህርቱንም ነው፣ ወይ ደግሞ ሁለቱንም አይደለም» አለቻት። «ከትምህርት ቤትሽ የሥራ ፈቃዱን አመጣለሁ። በየሳምንቱ ሚስ ታልቦትን ውጤትሽን እጠይቃታለሁ። ከወደቅሽ ውሃ አትገቢም። ማዕበሉ ተራራ ቢያክልም አትገቢም።»

«ሚስተር ሃስከል ቢለምንሽስ?»

«እሱ እናትሽ አይደለም።»

ኖሪን አሸዋውን በጣቷ ስትቆፍር ቆየች። «እሺ» አለች፤ ደስ ብሏት ግን አልነበረም።

ፈቃዱ የመጣ ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሏል። ረዳቱ ድምፅ ማጉያውን ሊያነሳ ሲል ውሃው ላይ ያሉት ቀድመው ወደ ዳር መቅዘፍ ጀመሩ። አንድ በአንድ ወጡ። ሳንቃቸውን አጠገባቸው አጋድመው አሸዋው ላይ በረድፍ ተቀመጡ፤ ቨርንም ከመካከላቸው። ማንም አላፏጨም። ባዶው ባሕር ላይ ኖሪን ብቻዋን ቀረች፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቅ ሁለት ጥሩ ማዕበል በፍርሃት አሳለፈች። ሦስተኛውን ያዘች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጋለበችው። ቬልዳ የወገቡን ስፌት ታይ ነበር፤ ሌላውን ለማየት ድፍረቱን አላገኘችም። ሃስከል በበኩሉ ድምፅ ማጉያው በመጨረሻ የሠራለት መሰለው፤ ማንም አላረመውም።

ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ እናትና ልጅ አብረው ነበር የሚወጡት። ቬልዳ የረጠበውን ልብስ የምትጠግነው መማሪያው መኪና ውስጥ ሆነ፤ ማሞቂያ ስለነበረው። ሚስ ታልቦት ስታስተምር ትሰማለች። ጂኦሜትሪ አልገባትም፣ አልሳባትም፤ እኩል መሆኑ የሚታይ ነገር ለምን ይህን ያህል እንደሚለፋለት አልገባትም። የካሊፎርኒያ ታሪክ ሲሆን ግን መርፌዋ ይቆማል። አንድ ቀን ሚስ ታልቦት ስለ አቧራው ዘመን ስደተኞች ስታስተምር ሮስሊን «እውነት ሰው መኪና አናት ላይ ተቀምጦ መጥቷል?» ብላ ጠየቀች። «ፍራሽ ካለው ይመቻል» አለች ቬልዳ ቀና ሳትል።

ቃሏ የተፈተነው በፌብሩዋሪ ነው። ከምዕራብ ማዕበል ገባ፤ ጋላቢዎቹ ለዓመታት ያላዩት ዓይነት ነው ተባለ። ሃስከል ሁለት ካሜራ ይዞ ማለዳ ደረሰ። በዚያው ሳምንት ኖሪን የጂኦሜትሪ ፈተና ወድቃለች።

«ዛሬ አትገባም» አለች ቬልዳ።

ሃስከል ጮኸ። ባርኔጣውን መሬት ላይ መታ። ቢሮው ሁላቸውንም ያባርራል አለ። ኖሪን አልቅሳ ለመነቻት፤ «እማ፣ ዛሬን ብቻ! እንዲህ ያለ ማዕበል ተመልሶ ላይመጣ ይችላል!» ቬልዳ ባሕሩን አየችው። እውነቷን ነው፤ ላይመጣ ይችላል። ልጇ ያን ቀን ብትገባ ሰው ለዘመናት የሚያወራላት ነገር ልትሠራ ትችል ነበር፤ ይህን ቬልዳ በሚገባ ታውቃለች። በዚያው ልክ ደግሞ «ዛሬን ብቻ» የሚባለው ቃል የት እንደሚያደርስ ታውቃለች።

«ግቢና ተማሪ» አለቻት።

ሃስከል ያን የድራማ ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ በባልዲ ውሃ ጨረሰው። አስቀያሚ ሆነ። ኖሪን እናቷን ለሰላምታም ለእራትም አላናገረቻትም፤ ሳህኗን ይዛ ክፍሏ ትገባለች። ቬልዳ ምግቡን ሠርታ እዚያው ታስቀምጥላታለች፤ ብድግ ብላ አታባብላትም። ፈተናው በተደገመ ጊዜ ልጅቷ አለፈች፤ ውጤቱን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሳትናገር ጥላው ሄደች። ቬልዳ አየችው። ሌላ ነገር አላደረገችም።

በጸደይ ድራማው ተሰረዘ። ተመልካቹ በዚያ ሰዓት ሌላ ጣቢያ ያይ ነበር አሉ። ሮስሊን ለሌላ ሥራ ፈረመች፣ ሃስከል የከብት ጠባቂዎች ፊልም ያዘ፣ ዊጉ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ለኖሪን የቀራት አንድ የትምህርት ዓመት ነው፤ ያለ ካሜራ፣ ያለ ሚስ ታልቦት፣ በዚያው ስሟን በማያውቁት ሰዎች ክፍል። ቬልዳ አሁን ትተወዋለች ብላ ጠበቀች። የሚያስገድዳት ነገር አልነበራትም፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷታል፣ ሳንቃም አላት፣ የሚወስዳት መኪናም አይጠፋም።

ሴፕቴምበር ሲመጣ ኖሪን ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ወጣች፤ ቬልዳ ከአልጋዋ ሆና በሩ ሲዘጋ ሰማች። ተነስታ ወጥ ቤት ብቻዋን ተቀመጠች። የትምህርት ቤቱ ሰዓት ከመድረሱ በፊት በሩ ተከፈተ፤ ልጅቷ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ገብታ ልብሷን ለወጠች፣ ደብተሯን አነሳች።

«የት ነው?» አለች ቬልዳ።

«የት ይሆናል? ፊዚክስ አለኝ» አለች ኖሪን፣ ቂጣውን ከሳህኑ ላይ እያነሳች። «ያን ማዕበል ግን አልረሳልሽም።»

«አትርሺልኝ።»

የምረቃው ዕለት ስሟ ሲጠራ ከኋላ ወንበሮች ትልቅ ጩኸት ተነሳ፤ ጎረምሶቹ ጫማ አድርገው መጥተዋል፣ ቨርንም ከራቫት አስሯል። ውሃው አንዴ የተለቀቀለት ኬርን ግን አልነበረም፤ ከተላከበት ጦርነት አልተመለሰም። ቬልዳ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ልጇ መድረኩን እስክታልፍ አየች፤ አንድም ነገር አላመለጣትም።

ድራማው ለዓመታት በየበጋው እየተደጋገመ ታየ፤ ሲሰረዝ ያላየው ሰው ሁሉ ወደደው። ማዕበል የምትጋልበው ሮስሊን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ቬልዳ አላረመችም፤ የኖሪንም ስም መጨረሻ ላይ የሚያልፈው ጽሑፍ ውስጥ የለም።

ቬልዳ አሁን ሰባ ዓመት አልፏታል። ቬንቱራ ውስጥ ከአንድ የዓሣ መሸጫ ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ቢሆንም ለጀልባዎች የሸራ ሽፋን ትሰፋለች፤ ወፍራም ክር ስለሆነ ይታያታል። ኖሪን ሁለት መንገድ አልፋ ትኖራለች፤ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች፣ እሑድ እሑድ ለምሳ ትመጣለች።